የአዳማ ሙቀትና ኤምኤስ፦ ቬንትሌተር፣ ኤር ኩለር፣ ኤሲ ወይስ እርጥብ ነጠላ?

አዳማ ውስጥ ምልክቶቹን ሙቀት ከሚያብሰው የነርቭ በሽታ፣ ከመልቲፕል ስክለሮሲስ (ኤምኤስ)፣ ጋር ለሚኖር ሰው ገንዘብ የሚወጣበት ቅደም ተከተል ይህ ቢሆን እንመርጣለን፦ መጀመሪያ ኮርኒስ፣ ቀጥሎ ቬንትሌተርና ውሃ፣ ከዚያ ለመንገድ የሚሆን ማቀዝቀዣ ሰደርያ፣ ኤሲ መጨረሻ ላይ። ብዙ ቤት የሚደረገው ግን ተቃራኒው ነው። ቤተሰብ ተዋጥቶ ኤሲ ይገዛል፣ ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ቤት ይገጠማል፣ ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ሲያጓራ ይውላል፣ ክፍሉ ግን ያው ነው። መብራት ሲሄድ ደግሞ እሱም የለም።

በኤምኤስ የሚጎዳው የነርቮች ሽፋን፣ ማይሊን፣ ነው። ሽፋኑ የሳሳ ነርቭ ሲሞቅ መልእክት ያዘገያል ወይም ጨርሶ ያቋርጣል። ጀርመናዊው የዓይን ሐኪም ቪልሄልም ኡትሆፍ በ1890 እ.ኤ.አ. ሕመምተኞቹ ሰውነታቸውን ካንቀሳቀሱ በኋላ ዓይናቸው ብዥ እንደሚልባቸው ጽፎ ነበር፤ ክስተቱ እስካሁን በስሙ ይጠራል። ለዚህ ትልቅ ትኩሳት አያስፈልግም። የውስጥ ሰውነት ሙቀት በግማሽ ዲግሪ ሴልሺየስ፣ አንዳንዴም ከዚያ ባነሰ ከፍ ሲል እግር ይከዳል፣ ዓይን ይጋረዳል፣ ቃል ይጠፋል፣ ሰውነት ይዝላል። ሙቀቱ ራሱ በነርቩ ላይ አዲስ ጉዳት አያደርስም፤ ሰውነት ሲበርድ አብዛኛውን ጊዜ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ይለቃል።

እንግዲህ ማቀዝቀዝ ያለብን ሰውየውን ነው። ክፍሉ ሳይቀዘቅዝ ሰውን ማቀዝቀዝ ይቻላል፤ ክፍሉን ለማቀዝቀዝ የሚወጣው ገንዘብ ደግሞ ሰውየው በር ከፍቶ እንደወጣ አብሮት አይሄድም።

ከመግዛትዎ በፊት አየሩን ይለኩ

አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ፣ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናት። ከመጋቢት እስከ ሰኔ ሙቀቱ ይጠነክራል፤ በጋው ደረቅና ነፋሻማ ነው። በከተማዋ ዙሪያ ባሉ ኮረብታዎች ላይ የንፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ የተተከሉትም ለዚሁ ነፋስ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ቴርሞሜትሩ ዝቅ ይላል፣ አየሩ ግን ይረጥባል። ሰው የሚቸገርበት ግን ዝናቡ ሊገባ ሲል ነው፤ ሙቀቱ ገና አልወጣም፣ ወበቁ ገብቷል። በጋ ላይ በደንብ ያገለገለ ዕቃ ሰኔ መጨረሻ ላይ «ተበላሸ» የሚባለው ለዚህ ነው። ዕቃው አልተበላሸም፣ አየሩ ተቀይሯል።

ልዩነቱን በሁለት ተራ የክፍል ቴርሞሜትር ማወቅ ይቻላል። ሁለቱም ያለ ምንም ነገር አንድ ቁጥር ማሳየታቸውን መጀመሪያ ያረጋግጡ። ከዚያ የአንዱን ጫፍ በቀጭን የጥጥ ጨርቅ ወይም በቁስል መሸፈኛ ጋዝ ጠቅልለው በውሃ ያርጥቡትና ሁለቱንም ቬንትሌተር ፊት ለፊት ለ5 ደቂቃ ያስቀምጡ። እርጥቡ ዝቅ ብሎ ያነባል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 8 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ውሃን በማትነን የሚሠራ ነገር ሁሉ፣ ከእርጥብ ነጠላ እስከ ኤር ኩለር፣ ይሠራል። ከ4 ዲግሪ በታች ከሆነ በእነሱ ላይ አይድከሙ። አየሩ 32 ዲግሪ ሆኖ እርጥበቱ 30 በመቶ ሲሆን ልዩነቱ 12 ዲግሪ ገደማ ይመጣል፤ 25 ዲግሪ ሆኖ እርጥበቱ 80 በመቶ ሲሆን ግን 3 ዲግሪም አይሞላም። ሐዋሳ ሐይቁ ዳር ያለ ቤት የአዳማን ውጤት ወስዶ ኤር ኩለር መግዛት የለበትም፤ እዚያው ክፍል ውስጥ፣ በዚያው ወር ይለካ።

እርጥብ ልብስና ቬንትሌተር

በደረቁ ወራት ከዚህ የሚበልጥ ነገር አላገኘንም፤ ርካሽ ስለሆነ ብቻ ግን አይደለም። አንድ ኪሎ በረዶ ቀልጦ የሚወስደው ሙቀት 334 ኪሎጁል ነው። አንድ ሊትር ውሃ ከቆዳ ላይ ሲተን ግን 2,400 ኪሎጁል ገደማ ይዞ ይሄዳል፤ ሰባት እጥፍ ማለት ነው። የ60 ኪሎ ሰው የሰውነት ሙቀት በግማሽ ዲግሪ እንዲወርድ 105 ኪሎጁል ያህል መውጣት አለበት። ስሌቱን ሲጨርሱት አንድ የቡና ሲኒ የማይሞላ ውሃ ነው፣ ከቆዳው ላይ በእርግጥ ከተነነ። በተግባር ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ የተወሰነው ከአየሩ እንጂ ከሰውነት ሙቀት አይወስድም።

አሠራሩ፦ ቀጭን የጥጥ ካናቴራ ወይም ነጠላ ውሃ ውስጥ ነክረው እስከማያንጠባጥብ ይጭመቁት። ይልበሱት ወይም አንገትዎንና ትከሻዎን ይጠቅልሉበት። ቬንትሌተሩን ከአንድ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ርቀት ያስቀምጡ፣ መስኮትና በር ይከፈት፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይቀመጡ። ጨርቁ ሊደርቅ ሲል ፀጉር ቤቶች በሚጠቀሙበት ውሃ መርጫ ያርጥቡት። ወፍራም ፎጣ አይምረጡ፤ ብዙ ውሃ ስለሚይዝ የተሻለ ይመስላል እንጂ ከቆዳ ጋር የተጣበቀው ውሃ ይሞቅና ፎጣው እንደ ጋቢ ያፍናል። ፖሊስተርም እንዲሁ ውሃውን አይዘረጋውም።

ይህ መንገድ በተለይ የሚጠቅመው ላብ የማይወጣቸውን ነው። ኤምኤስ ራሱ የማላብን ሥርዓት ሊጎዳ ይችላል። ለፊኛ ችግር የሚሰጠው ኦክሲቡቲኒንና ለነርቭ ሕመም ወይም ለእንቅልፍ የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊንም ላብ ይቀንሳሉ። መድኃኒቱን በራስዎ አያቁሙ፤ ያልወጣውን ላብ በመርጫው ይተኩት።

ቬንትሌተር ብቻውን፣ ያለ ውሃ፣ ልኩ አለው። የቆዳችን ሙቀት 35 ዲግሪ አካባቢ ነው። አየሩ ከዚያ ካለፈ ደረቅ ቬንትሌተር የሚያመጣልዎት ትኩስ አየር ነው። አዳማ ላይ ደጁ 35 ባይደርስ እንኳ ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ቤት ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ያልፈዋል።

ማታ ደግሞ የአጎበር ጉዳይ አለ። አጎበር የቬንትሌተርን ነፋስ በእጅጉ ይቀንሳል፤ ለዚያ ተብሎ አጎበሩን የሚያነሳ ሰው አለ። አዳማ ወባ አለባት፣ አይነሳ። ቬንትሌተሩን ከእግርጌ በኩል ወደ አልጋው አስጠግተው፣ ከፍራሹ ከፍታ ትንሽ ከፍ አድርገው ያቁሙት፤ ከጣሪያ ከተሰቀለው ይልቅ የቆመው ይሻላል፣ የላዩ የአጎበሩን ጣሪያ ብቻ ሲመታ ያድራልና።

ኤር ኩለር

ውሃ የሚጨመርበት፣ በውስጡ ማጣሪያ መሳይ እርጥብ ሰሌዳ ያለው ማሽን ነው። ከ100 እስከ 200 ዋት ይበላል፤ ኤሲ ከሚበላው ሲነጻጸር እዚህ ግባ አይባልም። ሲገዙት «ኤሲ ነው» ካሏችሁ አትመኑ፤ ቀዝቃዛ ጋዝ የለውም፣ ወደ ውጭ የሚወጣ ቱቦም የለውም።

የሚሠራው ከኋላው ደረቅ አየር ካገኘ ብቻ ነው፤ ስለዚህ መስኮት አጠገብ፣ ጀርባው ወደ መስኮቱ ይሁን፣ ከፊት ለፊቱ በር ወይም ሌላ መስኮት ይከፈት። ብዙ ሰው ልክ እንደ ኤሲ ክፍሉን ዘግቶ ያበራዋል። በዝግ ክፍል ውስጥ ያንኑ አየር ደጋግሞ ሲያረጥበው ይውልና ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ክፍሉ ወበቅ ይሆናል። ያኔ ላብም እርጥብ ልብስም መሥራት ያቆማሉ፤ ለኤምኤስ ሕመምተኛ ባዶ ክፍል ይሻለው ነበር። የአዳማ አቧራ ሰሌዳውን ቶሎ ይደፍነዋል፣ ውሃው ኖራ ይተውበታል፤ በየሳምንቱ ጋኑ ተደፍቶ ይታጠብ፣ ማታ ሲጠፋ ውሃው አይደር። ሐምሌና ነሐሴ ጥቅሙ እንደ ተራ ቬንትሌተር ብቻ ነው።

እርጥብ ነጠላና ቬንትሌተር ላለው ሰው ኤር ኩለር የሚጨምርለት ነገር ትንሽ ነው። ልብስ አርጥቦ መቀመጥ ለማይችል፣ ለምሳሌ ቢሮ ለሚውል ወይም ሱቅ ለሚጠብቅ፣ ያኔ ዋጋ አለው።

ኤሲ

ወበቅን የሚያሸንፈው ይህ ብቻ ነው፤ ሙቀት ብቻ ሳይሆን እርጥበትም ከአየሩ ያወጣል። ሦስት በአራት ሜትር ለሆነ፣ ኮርኒስ ላለውና በሩ ለሚገጥም ክፍል 9,000 ቢቲዩ (የኤሲ አቅም መለኪያ) ይበቃል። ግድግዳውና ቆርቆሮው መሐል ክፍተት ካለ ግን 18,000ም አይበቃም።

መጠኑን ለማየት አንድ ነገር ልብ ይበሉ። 12,000 ቢቲዩ ኤሲ ከክፍሉ የሚያወጣው ሙቀት 3,500 ዋት ያህል ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድም የሚበላው ያንኑ ያህል ነው። ክፍሉ ከማድ ቤቱ ጋር በአንድ በር ከተያያዘና እንጀራ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ የሚጋገር ከሆነ ኤሲው ከምጣዱ ጋር ትግል ገጥሟል ማለት ነው። መጋገሪያውን ወደ ንጋት 12 ሰዓት ማዞር ከሁሉም የሚረክስ መፍትሔ ነው። የከሰል ምድጃና የቡና ጭስም ለዚያ ሰው ክፍል አይስማሙም፤ ቡናው በረንዳ ላይ ይፈላ።

ቴርሞስታቱን ከ24 እስከ 26 ላይ ያድርጉት። 18 ላይ ያደረገ ሰው ጡንቻው ይገትርበታል፣ ይኮማተርበታል፤ የኤምኤስ የጡንቻ መጠንከር ብርድም አይወድም። ቮልቴጅ በሚዋዥቅበት ሰፈር ያለ ስታቢላይዘር አያስገጥሙ፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ቆይቶ ይነሳ፣ አለበለዚያ ኮምፕረሰሩ ሊቃጠል ይችላል። ማጣሪያው በየሁለት ሳምንቱ በውሃ ይታጠብ።

መብራት ሲሄድስ? 12 ቮልት፣ 100 አምፒር-ሰዓት የሆነ ባትሪ ግማሹን ብቻ ብንጠቀም 600 ዋት-ሰዓት ይሰጣል። ኢንቨርተሩ የሚያባክነው ሲቀነስ 55 ዋት ቬንትሌተርን 9 ሰዓት ያህል ያዞራል፤ 9,000 ቢቲዩ ኤሲን ግን 40 ደቂቃ። ኮርኒሱንና ቬንትሌተሩን ከኤሲ ያስቀደምነው ለዚህ ነው። ኮርኒስ መብራት አይጠይቅም። ጣሪያው የሚተፋውን ጨረር ይይዛል፤ ቬንትሌተር ደግሞ ጨረርን አያቆምም። ኮርኒስ ለማሠራት አቅም ከሌለ ቆርቆሮውን ከላይ ነጭ ቀለም መቀባትም ይረዳል። መስኮቶቹ ማታ ይከፈቱ፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ይዘጉ፣ ፀሐይ የሚገባባቸው ይጋረዱ። እርጥብ ልብስ ለብሰው ቬንትሌተር ፊት ሲቀመጡ ወይም ኤር ኩለር ሲያበሩ ብቻ መልሰው ይክፈቷቸው።

ሰደርያ፦ ሦስት ዓይነት

ለመንገድ፣ ለሥራና ለፊዚዮቴራፒ ነው። በጄል በረዶ የሚሞላው ዲፕ ፍሪዘር ውስጥ ቢያንስ አራት ሰዓት ማደር አለበት፤ ኃይለኛ ነው፣ ከባድ ነው፣ በልብስ ላይ እንጂ በባዶ ቆዳ ላይ አይለበስም። ስሜቱ የደነዘዘ ቆዳ ሲቃጠል አይነግርዎትም፤ በየ20 ደቂቃው ገልጠው በዓይን ይዩት። ሁለተኛው በ15 ዲግሪ አካባቢ ቀልጦ የሚረጋ ልዩ ሰም የያዘ ነው። በረዶ ባለበት ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተነክሮ ይረጋል፣ ቆዳ አይጎዳም፣ ሁለት ሰዓት ያህል ይቆያል። ከሦስቱ የምንመርጠው ይህ ነው፤ ዋጋው ግን ከሁሉም የከፋ ነው፣ ከውጭ ማስመጣትም ይጠይቃል። ሦስተኛው ውሃ ተነክሮ የሚለበሰው ነው፤ በጋ ላይ ጥሩ፣ በወበቅ ከንቱ። ነጠላው የሚሠራውን ይሠራል፣ በብዙ እጥፍ ዋጋ።

ልብስ ሰፊ ዘንድ ማሠራትም ይቻላል። እጅጌ የሌለው የጥጥ ሰደርያ፣ ፊት ሁለት ኋላ ሁለት ኪስ፣ እያንዳንዱ ኪስ ድርብ ጨርቅ። ወፍራም የላስቲክ ከረጢቶች ውስጥ 300 ሚሊሊትር ውሃ አድርገው፣ አየሩን አውጥተው፣ በጠፍጣፋው አስተኝተው ያቀዝቅዟቸው። ከረጢቱ ሞልቶ ከቆመ ድንጋይ ሆኖ ይረጋና ሰውነት ላይ አይተኛም። አራቱ 1.2 ኪሎ ይመዝናሉ፤ ከዚያ በላይ አይጨምሩ፣ ክብደቱ ራሱ ያደክማል።

ሰደርያ የሚለበስበት ሰዓት ከዓይነቱ ይበልጣል። እግር ከከዳ በኋላ ከለበሱት ዘግይተዋል። ከመውጣትዎ ግማሽ ሰዓት በፊት ሰውነትዎን አስቀድመው ያብርዱ።

ገላ መታጠብና መጠጥ

ቀዝቃዛ ገላ ጥሩ ነው፣ ሁለት ነገር ከታወቀ። አንደኛ፣ ቆሞ ሲውል ፀሐይ የመታው ሮቶ ከሰዓት በኋላ የሚሰጠው ትኩስ ውሃ ነው። ማታ ባልዲና ሳፋ ሞልተው ጥላ ውስጥ ያሳድሩ። ሁለተኛ፣ በአንዴ በረዶ ውሃ ውስጥ መግባት ያንቀጠቅጣል፤ መንቀጥቀጥ ሙቀት ያመነጫል፣ ጡንቻም ያጠነክራል። ለብ ካለው ጀምረው ቀስ በቀስ ያቀዝቅዙት፣ እስከ 20 ደቂቃ። በላስቲክ ወንበር ተቀምጠው ይታጠቡ፤ እርጥብ ወለልና የደከመ እግር አብረው አይሄዱም። ገላ መታጠብ ካልተቻለ ሁለቱን ክንድ እስከ ክርን ሳፋ ውስጥ ለ15 ደቂቃ መንከር ብዙ ያግዛል።

ከሶደሬ ግን ይጠንቀቁ። ከአዳማ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ እግሩ የደከመ ዘመድ ሲኖር «ፍልውሃ ያድነዋል» ብሎ የሚወስድ ሰው አይጠፋም። ሐዋሳም ወንዶ ገነት ቅርቧ ነው። ለሪህ ይረዳል የሚባለው ፍልውሃ ለኤምኤስ መጥፎ ነው። ድሮ ሐኪሞች ሕመምተኛን ሙቅ ውሃ ውስጥ አስገብተው ምልክቱ ሲብስ ኤምኤስ መሆኑን ይመረምሩ ነበር፤ ፍልውሃውም ያንኑ ያደርጋል። ገንዳው ውስጥ ደህና የነበረ ሰው ሊወጣ ሲል ደረጃውን መውጣት ያቅተዋል። ሳውና፣ ስቲም፣ ወሼባ ሁሉም እንዲሁ። የቀዝቃዛ ውሃ ጠበል ግን በዚህ በኩል ችግር የለውም።

መጠጥን በተመለከተ ሽንት ቶሎ ስለሚመጣባቸው ውሃ የሚተዉ ብዙ ናቸው። መዘዙ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው፣ ኢንፌክሽኑ ትኩሳት፣ ትኩሳቱ ደግሞ ከፀሐይ የባሰ ሙቀት። ሲንቀሳቀሱ በየ15 ደቂቃው 150 ሚሊሊትር ያህል በረዶ የገባበት ውሃ ይጎንጩ። የውስጥ ሙቀትን ብዙ ባይቀንስም ድካሙን ያዘገያል። ሃይላንድ ላስቲክ ግማሹን በውሃ ሞልተው አጋድመው በማቀዝቀዣ ያሳድሩት፤ ጠዋት ቀሪውን ሞልተው ይውጡ።

መንገድ

ለክትትል አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው ጠዋት ይሂድ፣ ከሾፌሩ ጀርባ በግራ በኩል ይቀመጥ። ወደ አዲስ አበባ ጉዞው ወደ ሰሜን ምዕራብ ስለሆነ የጠዋት ፀሐይ በቀኝና ከኋላ ትመታለች፤ ከሰዓት ሲመለስም ፀሐይዋ በቀኝ በኩል ናት። ከተማ ውስጥ ባጃጅ ከቆመ ሚኒባስ ይሻላል፣ ነፋስ አለው፤ በእግር መሄድ ካስፈለገ ከ6 እስከ 10 ሰዓት ያለውን ይዝለሉት።

የኤምኤስ መድኃኒት መርፌ ይዘው ከሆነ ከበረዶ ጋር በቀጥታ አያነካኩት፣ በረዶ የሆነ መድኃኒት ይበላሻል። ግላቲራመር የተባለው መርፌ ከማቀዝቀዣ ውጭ ከ15 እስከ 30 ዲግሪ ውስጥ እስከ አንድ ወር ይቆያል፤ የአዳማ ክፍል ግን 30ን ስለሚያልፍ በማቀዝቀዣው ይቆይ። ሌሎቹ እንደየዓይነታቸው ስለሚለያዩ ሣጥኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት ያንብቡ። ኢንተርፌሮን የተባለውን መርፌ የሚወስዱ ከመርፌው በኋላ ትኩሳት ስለሚመጣ ማታ፣ ከመተኛት በፊት፣ ሐኪም ከፈቀደው ፓራሲታሞል ጋር ቢወስዱት ይመረጣል።

ሙቀት ነው ብለው የማይተዉት

ቀዝቃዛ ቦታ አርፈው ያልለቀቀ፣ ከ24 ሰዓት በላይ የቆየ ወይም አዲስ የሆነ ምልክት፣ ለምሳሌ አንድ ዓይን መጨለም ወይም ከወገብ በታች መደንዘዝ፣ የበሽታው ማገርሸት ሊሆን ስለሚችል የነርቭ ሐኪም ይየው። ትኩሳት ካለ ደግሞ መጀመሪያ የደም ምርመራ ለወባ፣ ከዚያም የሽንት ምርመራ ይደረግ፤ በተለይ ከመስከረም እስከ ኅዳር። የወባ ትኩሳት የኤምኤስ ምልክቶችን ሁሉ አንድ ላይ ሊያስነሳ ስለሚችል ቤተሰብ «በሽታው ባሰበት» ብሎ ስቴሮይድ (ለማገርሸት የሚሰጠውን መድኃኒት) ሲፈልግ ወባው ይጠናል። ሰውነቱ እንደ እሳት የሚፋጅ፣ ግራ የተጋባ ወይም የሚዘባርቅ ሰው ግን ምርመራ የሚጠብቅ አይደለም፤ ልብሱን አርጥበው፣ ቬንትሌተር ከፍተው፣ በዚያው ሆስፒታል ያድርሱት።